ስለ ወ/ሮ ፋናዬ ገብረኪዳን ሕይወትና ስለ ወ/ሮ ጀዋሪያ ሐብል

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከቅርብም ከሩቅም ለዚህ ቀብር የመጣችሁ ወገኖች ሁሉ፤ የእድራችን ሰዎች የአክስቴን የወ/ሮ ፋናዬ ገብረኪዳንን የሕይወት ታሪክ እንዳዘጋጅ ሲጠይቁኝ አንድ ገጽ ይበቃል ብለውኝ ነበር። ከአንድ ገጽ በለጠብኝ። ለምን እንደበለጠ ስትሰሙት ትረዱታላችሁ። እኔ ሶልያና እባላለሁ፤ የእህታቸው ልጅ ነኝ፤ ከሦስት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደጉኝ እርሳቸው ናቸው። ቀኖቹን የጻፍኩት በምንኖርበት በጅቡቲ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ወ/ሮ ፋናዬ ከአባታቸው ከአቶ ገብረኪዳን ወልደሰማዕትና ከእናታቸው ከወ/ሮ ትርፌ በላቸው በጥር ወር 1952፣ በጥምቀት ማግስት፣ ድሬዳዋ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ በ1960 ወደ ጅቡቲ ሲዛወሩ የስምንት ዓመት ልጅ ሆነው አብረው መጡ። በመነኮሳት ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ፣ ከጎረቤት ሶማልኛና ዓረብኛ ተማሩ። አራት ቋንቋ ይናገሩ ነበር፤ ሲቆጡ ግን በአማርኛ ብቻ ነበር የሚቆጡት።

በ1973 የወደብ ሠራተኛ ከነበሩት ከአቶ ጸሐዬ ተክለማርያም ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ልጃቸውን ፀጋውን ወለዱ። በ1990 እናቴ ወ/ሮ ዘነበች ስታርፍ፣ የቀብሩ ዕለት እጄን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። ከዚያ በኋላ የማን ልጅ እንደሆንኩ የጠየቀ ሰው ካለ፣ «የእኔ ናት» ብለው ነበር የሚመልሱት።

ከ1984 ጀምሮ ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር በሚገኘው በሐጂ ዓብዱልመጂድ ወርቅ ቤት ሠርተዋል። የሐጂ ቤተሰብ ከሐረር የመጣ ነው። አክስቴ ወርቅ አያቀልጡም፣ አይቀጠቅጡም፤ ሥራቸው ገዢዎችን ማማከር፣ ዶቃ መሰካት፣ ላላ ያለውን ማጥበቅና ማጽዳት ነበር። በዚህ ከተማ ከሠላሳ ዓመት ወዲህ ካገባችሁ እናንተ መካከል እርሳቸው ያልመረጡላችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? እናቶች ትልቁንና ከባዱን ሲያነሱ እርሳቸው የሙሽራዋን አንገትና የጆሮዋን ጫፍ ነበር የሚያዩት። «ይሄ ጉትቻ ለፎቶ ያምራል፤ ኬክ እስኪቆረስ ግን ጆሮዋን ይጎትተዋል» ይሉ ነበር። ጥለቱ ሰፊ በሆነ ቀሚስ ላይ ድሪ ከተደረገ ሌላ ነገር እንዲጨመር አይፈቅዱም። የቀለበት ልክ በሐምሌ ቀትር አይለኩም ነበር፤ በእኛ ሙቀት ጣት ያብጣልና። ሽቱ ይቀድማል፣ ወርቅ ይከተላል። ሊጥ ሲቦካ ቀለበት ይወልቃል። ብር የባሕር አየር ስለሚያጠቁረው እያንዳንዱ ለብቻው በጥጥ ጨርቅ ይጠቀለላል። የዘወትር ጉትቻ በሳምንት አንድ ቀን ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ ወርቃቸውን በአመድ የሚፈትጉ ሴቶችን ሲያዩ «ፊታችሁንስ በአሸዋ ነው የምትታጠቡት?» ይሏቸው ነበር። ለልቅሶ ቤት ማተብ ብቻ።

ባለቤታቸው አቶ ጸሐዬ በ1998 መጀመሪያ አረፉ። በዚያው ዓመት፣ ከኤርትራ ጋር በተነሣው ጦርነት ምክንያት የኢትዮጵያ ዕቃ ሁሉ በጅቡቲ ወደብ በኩል መግባት ሲጀምር፣ ከድሬዳዋና ከሐረር ብዙ ሰው ወደዚህ ከተማ መጣ። ከመጡት አንዷ ዓቢዳ ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሐጂ ወርቅ ማጽዳት እንድትማር ቀጠሯትና ከአክስቴ አጠገብ አስቀመጧት። አክስቴ ኀዘን ላይ ነበሩ፤ ጥቁር እንደለበሱ እጇን ይዘው አስተማሯት። በዓመቱ ዓቢዳ የዶቃ መስኪያውን መርፌ ከእርሳቸው በተሻለ ታንቀሳቅስ ነበር፤ እርሳቸውም ይህን ለገዢ ሁሉ ይናገሩ ነበር። በበዓላችን እርሷ ትመጣለች፤ በዒድ እኛ እንሄዳለን። ፀጉሬን የምትሠራልኝ ዓቢዳ ነበረች።

አሁን የማነበው አክስቴ በሕይወት ሳሉ ያልተነገረውን ነው።

በኤፕሪል 2003 ወ/ሮ ጀዋሪያ ለልጃቸው ሠርግ ብለው ከእናታቸው የወረሱትን የወርቅ ሐብል ይዘው ወደ ሱቁ መጡ። ሐብሉ መጽዳት ነበረበት፤ መቆለፊያውም ላልቶ ነበር። አክስቴ ሐሙስ ቀትር ላይ ሱቁ ሲዘጋ በጨርቅ ከረጢት አድርገው ወደ ቤት አመጡት። ጥንቃቄ የሚፈልገውን ሥራ ቤት ወስደው ይሠሩ ነበር፤ ሐጂም ያምኗቸው ነበር። ዐርብ ዕለት ሊሠሩት አስበው ሳለ የጎረቤት ልቅሶ ደረሰባቸውና በጠዋት ወጡ።

እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ወደ ዶራሌ ባሕር ዳርቻ የምንሄድበት ቀን ነበር። ከረጢቱን ፈትቼ ሐብሉን በመስታወት ፊት አጠለቅሁት። አይቼ ላውልቀው ነበር። አላወለቅሁትም። መቆለፊያው እንዳይከፈት በክር አሰርሁትና ከልብሴ ሥር ደበቅሁት፤ ዶራሌ ስንደርስ አወጣሁት። ልጆቹ ሁሉ ከበው አዩት። «የማን ነው?» ሲሉኝ «የእኔ» አልኳቸው። ከዚያ ውኃ ውስጥ ገባን። ስወጣ አንገቴ ላይ የቀረው ማተቤ ብቻ ነበር።

አሸዋውን በእጄ ስቆፍር ጓደኞቼ «ምን ጠፋሽ?» አሉኝ። «ምንም» አልኩ። ስመለስ ከገበያ፣ ከመንገድ ዳር፣ መልኩ የሚመሳሰል ቢጫ ሰንሰለት ገዛሁ። ከረጢቱ ውስጥ አስገብቼ አክስቴ እንዳሰሩት አድርጌ አሰርሁት። ይህን ያደረግሁት ዓቢዳን ለመጉዳት አልነበረም። ስለ ዓቢዳ ጨርሶ አላሰብኩም። አንድ ቀን ለማግኘት ብቻ ነው ያሰብኩት።

አክስቴ ከልቅሶ ቤት ደክመው ተመለሱ፤ ከረጢቱን አልፈቱትም። ቅዳሜ ጠዋት ሱቅ ወስደው በሐጂ ፊት ለዓቢዳ ሰጧት። «አንቺ ጨርሺው፤ ሠርጉ ደርሷል» አሏት። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይታ ዓቢዳ ሰንሰለቱን በመዳፏ ይዛ መጣች።

«እትዬ ፋናዬ፣ ይሄ እኮ ወርቅ አይደለም» አለች።

ሐጂ ወደ አክስቴ ዞሩ። አክስቴም፣ «ሐሙስ ዕለት በገዛ እጄ ነው ከረጢቱ ውስጥ ያስገባሁት። ከእኔ ቤት ሌባ የለም» አሉ።

«ወላሂ፣ እንደሰጡኝ ነው የፈታሁት!» አለች ዓቢዳ።

አክስቴ በሱቁ ውስጥ ገዢ እያለ፣ «እጅሽን አስተማርኩ፤ ልብሽን ሳላስተምር ቀረሁ» አሏት። ይህን ቃል የሰሙ ሰዎች እዚህ መካከላችን አሉ። ሐጂ ለፖሊስ አልተናገሩም፤ ዓቢዳን ግን በዚያው ዕለት አሰናበቷት። አክስቴ ሐብሉን በአደራ የተቀበልኩት እኔ ነኝ ብለው የራሳቸውን የሠርግ ሐብል ለወ/ሮ ጀዋሪያ ወስደው ሰጡ። ከዚያ በኋላ ከማተባቸው በቀር አንገታቸው ላይ ምንም አድርገው አያውቁም።

ያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ቤት መጥተው «ዓቢዳ ጉድ ሠራችኝ» ብለው አለቀሱ። እኔ ውኃ ቀዳሁላቸው። ጠጡ። ብርጭቆውን ተቀበልኳቸው። መናገር የምችልበት ጊዜ ያ ነበር፤ ሐጂም ሱቃቸው፣ ዓቢዳም ገና ከከተማው መሀል ነበሩ። ብርጭቆውን ሄጄ አጠብኩት።

ወሬው በእኛም በሙስሊሞቹም ቤት ዞረ። ዓቢዳ «ወርቅ ለዋጯ» ተባለች። ሌሎቹ ወርቅ ቤቶች አልቀበል አሏት፤ የታጨችለት ሰው ቤተሰቦችም መልእክተኛ ልከው እጮኝነቱን አፈረሱ። በመጨረሻ አርሂባ ወደሚባለው ሰፈር ወርዳ ለወደብ ሠራተኞች ምሳ እያበሰለች መሸጥ ጀመረች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ድስት ተሸክማ አየኋት። «ሶልዬ!» ብላ ጠራችኝ። ያልሰማሁ መስዬ ወደ ማዶ ተሻገርኩ። አስቀይማኝ አይደለም፤ እንደ ድሮው ስለጠራችኝ ነው የሸሸሁት።

በ2011 ከባለቤቴ ከአምሀ ጋር ልንጋባ ሁለት ሳምንት ሲቀረን አክስቴ ሣጥናቸውን ከፍተው የቀረቻቸውን ወርቅ አልጋ ላይ ደረደሩ። ጉትቻ አስሞከሩኝ፣ አምባሩን አጠለቁልኝ፣ ራቅ ብለው አዩኝ። «አንገትሽ ባዶ ሆነ» አሉ፤ ቀጥለውም «ያቺ ልጅ ባትሰርቀኝ ኖሮ የእኔን ሐብል ነበር የማደርግልሽ» አሉኝ። ያኔ ሁሉን ነገርኳቸው። ባሕሩን፣ ክሩን፣ ሰንሰለቱን።

አልጮኹም። ለምን እንዳደረግሁት አልጠየቁም። «ዓቢዳ አሁን የት ነው ያለችው?» ብቻ ብለው ነጠላቸውን አነሱ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «እቴቴ፣ ሠርጉ ይለፍ። የአምሀ እናት ከሰማች አበቃልኝ» አልኳቸው። ነጠላቸውን መልሰው አስቀመጡት።

ሠርጉ አለፈ። ከዚያ እኔ አረገዝኩ፤ «ትገላገል» አሉ። ወለድኩ፤ «ክርስትናው ይለፍ» አልኩ። እንዲህ እያልን ሦስት ዓመት ሄደ። አክስቴ በእነዚያ ዓመታት ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሲመላለሱ፣ ቁርባን ግን ሲያቆሙ ያያችሁ ሰዎች ለምን እንደሆነ ጠይቃችሁኝ ነበር። ምክንያቱ ይህ ነው። የመጀመሪያው በደል የእኔ ብቻ ነበር፤ ሁለተኛውን ግን እኔ ነኝ ያሸከምኳቸው።

በ2014 ሐጂ ዓብዱልመጂድ አረፉ። ልቅሶ ልንደርስ ሄደን ሳለ ልጃቸው ዘይድ ስለ አባቱ መጨረሻ ቀናት ሲያወራ፣ «አባቴ ያቺን ዓቢዳን እስከ መጨረሻው ያነሳት ነበር። ‹ከልጆቼ ለይቼ አላያትም ነበር፤ ምን በድያት ነው እንዲህ ያደረገችኝ?› ይል ነበር» አለን። አክስቴ ከተቀመጡበት ተነሡ። ደጅ ወጥተው ግድግዳውን ተደገፉ። «ሐጂ እውነቱን ሳይሰሙ አመለጡኝ። እርሷን ደግሞ ሳላገኛት አልሞትም» አሉኝ።

በማግሥቱ ቀትር ላይ ሁለታችንም አርሂባ ሄድን። ዓቢዳ ሩዝና ዓሣ እያወጣች ነበር፤ ሠራተኞቹ ተሰልፈዋል። አየችን። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ወደ ጥላው አመለከተችንና ሥራዋን ቀጠለች። የመጨረሻው ሰው ሳህኑን እስኪመልስ ድረስ ቆምን። አክስቴ እንዲቀመጡ ሳጥን ባቀርብላቸው እምቢ አሉ።

ዓቢዳ እጇን እየጠረገች ስትመጣ አክስቴ፣ «ዓቢዳ፣ ሐብሉን አንቺ አልወሰድሽም። ያኔም አልወሰድሽም። ካወቅሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም አልኩ» አሏት። እኔም የሠራሁትን ነገርኳት።

ዓቢዳ የድስቱን ክዳን ገጠመች። ከዚያ ለአክስቴ እንዲህ አለቻቸው፤ «እትዬ ፋናዬ፣ እኔ ሌት ተቀን እርስዎን ስረግም አልኖርኩም። ልጅ ወልጄአለሁ፣ ሥራዬን ይዣለሁ። ይቅር ለእግዜር ካሉኝ ይቅር ብያለሁ። ነገር ግን ስሜ የጠፋው በሰው ፊት ነው። እዚህ ምድጃ ዳር፣ ሦስታችን ብቻ ሆነን፣ እንዴት ይመለስልኛል?»

አክስቴ «እውነት ነው» አሉ።

ዓቢዳ ንጹሕ እንደሆነች አክስቴ ለዘይድ ነገሩት። ወ/ሮ ጀዋሪያ ቤት ሄደው ነገሯቸው። ወ/ሮ ጀዋሪያም አቀርቅረው፣ «ሐብሉስ ሐብል ነው፤ በየሠርጉ ቤት የልጅቷን ስም ሳነሳ የኖርኩት እኔ ምን ልሁን?» አሉ። ከዚያ አክስቴ በእድራችን ስብሰባ ላይ ተነሥተው ዓቢዳ ንጹሕ መሆኗን፣ በሐሰት የከሰሷትም እርሳቸው መሆናቸውን ተናገሩ። ያን ቀን የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። አንዲት ሴት፣ «ታዲያ ሐብሉን ማን ወሰደው?» ብላ ጠየቀች።

አክስቴ እኔ የተቀመጥኩበትን አልተመለከቱም። «ከእኔ ቤት ነው የጠፋው። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ» አሉ።

እኔ ከኋላ ተቀምጬ ልጄን አቅፌ ነበር። አልተነሣሁም።

ሰው የመሰለውን አሰበ። ማንም በግልጽ ባይናገርም፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሙሽራ ይዞ ወደ ቤታችን የሚመጣ ቀረ። ድሮ «እስቲ ይዩልኝ» እያሉ እጃቸውን ይዘረጉላቸው የነበሩ ሴቶች፣ አክስቴ አጠገባቸው ሲቀመጡ ቀለበታቸውን ወደ ነጠላቸው ውስጥ ሲያስገቡ አይቻለሁ። አክስቴም አይተዋል። ቤት ስንመለስ ስለ ሌላ ነገር ያወሩ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ልናገር ብዬ ስነሣ፣ «አንቺ ልጆች አሉሽ፤ አማት አለሽ። እኔ አርጅቻለሁ፤ በእኔ ላይ ይቅር» አሉኝ። እሺ አልኩ። ቶሎ ነበር እሺ ያልኩት።

ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ይሠቃዩ ነበር። ዘንድሮ ሆስፒታል ሲገቡ እጅና እግራቸው አበጠ፤ የጋብቻ ቀለበታቸውም ጣታቸውን አስጨነቀው። ሐኪሞቹ ቀለበቱን ቆርጠው ሊያወጡት ተዘጋጁ። እኔ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። የዚያን ዕለት ዓቢዳ ልትጠይቃቸው መጥታ ነበር። ሐኪሞቹን «አንድ ጊዜ ታገሡኝ» አለቻቸው። ከቦርሳዋ ክር አወጣች፤ ጫፉን በቀለበቱ ሥር አሾልካ የአክስቴን ጣት እስከ አንጓው አጥብቃ ጠቀለለችው፤ ሳሙና ቀባችውና ክሩን ከሥር በኩል ቀስ እያለች ፈታችው። ቀለበቱ እየተሽከረከረ ወጣ። አክስቴ ያመማቸው እንደሆነ ፊታቸው ላይ አልታየም፤ እጇን ብቻ ነበር የሚያዩት። «ይሄን እኔ አላስተማርኩሽም» አሏት። «የለም፣ ይሄን ከሐጂ ነው የለመድኩት» አለቻቸው። ሁለቱም ሳቁ። አክስቴ ሲስቁ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ዓቢዳ ቀለበቱን አጥባ፣ አድርቃ፣ በጥጥ ጠቅልላ ለልጃቸው ለፀጋው ሰጠችው።

ወ/ሮ ፋናዬ ማክሰኞ ኖቬምበር 14 ቀን 2017፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 5 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ በስድሳ አምስት ዓመታቸው፣ ቀትር ከመሆኑ በፊት ዐረፉ። ከማረፋቸው በፊት ንስሐ ገብተው ሥጋ ወደሙ ተቀብለዋል።

ይህን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። የቀደድኩት ደግና ትጉህ እንደነበሩ የሚናገር ነበር፤ ውሸት የለበትም፤ ግን ብዙዎቻችሁ በልባችሁ «ሐብሉንስ?» እያላችሁ ትሰሙት ነበር። ሐብሉን አክስቴ አልወሰዱም። ዓቢዳ አልወሰደችም። እኔ ነኝ ወስጄ ባሕር ውስጥ የጣልኩት፤ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሁለት ሴቶች በተራ እንዲሸከሙልኝ ያደረግሁትም እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን በልጅነቴ አደረግሁት፤ ሁለተኛውን የሁለት ልጆች እናት ሆኜ ነው። ባለቤቴ አምሀ ይህን የሰማው ትናንት ነው። «እናቴ ባለችበት ታነቢዋለሽ?» አለኝ። «አነባለሁ» አልኩት። ዛሬ ጠዋት ወረቀቱን እርሱ ነው ያሳተመው።

ወ/ሮ ፋናዬ ልጃቸውን አቶ ፀጋው ጸሐዬን፣ ያሳደጉኝን እኔን፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ ድሬዳዋ ያሉ የአክስትና የአጎት ልጆቻቸውን ትተዋል። የዓቢዳን ስም ከእነዚህ ጋር ላስገባው ፈልጌ ነበር፤ ሄጄ ጠየቅኋት። «ዘመድ አታድርጉኝ። ዓቢዳ ብለሽ ጻፊኝ፤ ሥራዬንም ጨምሪበት» አለችኝ። ስለዚህ እንዲህ ብዬ ጽፌአለሁ፤ ዓቢዳ፣ ወርቅ አጽጂና ዶቃ ሰኪ፣ የእጇን ሥራ ወ/ሮ ፋናዬ የመሰከሩላት።

ልሰናበታት ስነሣ እንዲህም አለችኝ፤ «ስታነቢው እንዳታለቅሺ። ካለቀስሽ ሰው ለአንቺ ያዝናል።»

እስከዚህ ድረስ አላለቀስኩም። ከዚህ በኋላ የሚለቀሰው ለእርሳቸው ብቻ ይሁን።

ልብን የሚመረምር አምላክ የእናታችንን የወ/ሮ ፋናዬን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን። የሰው በደል ተሸክመው የሄዱትን እርሳቸውን በደል እንደሌለባቸው ቆጥሮ ይቀበላቸው። አሜን።